ማን ነው የወደቀ የሚባለው? የእንግሊዝኛ አባባሎችና ከኋላቸው ያለው ታሪክ

አውቶቡስ ውስጥ ያላችሁ፣ ከሥራ የምትመለሱ፣ ቤት ሰሃን እያጠባችሁ የምትሰሙ፣ ሁላችሁም አረፍ ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ ታሪክ ነው፤ ግን በንጉሥ ወይም በጦርነት በኩል አልገባም። በቃላት በኩል ነው የምገባው።

እኛ እዚህ አገር የተወለድን ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ዕብራይስጥ፣ ለባግሩት ደግሞ እንግሊዝኛ እያልን ነው ያደግነው። ለፈተና ብለን የእንግሊዝኛ አባባሎችን ሸምድደናል። ትርጉማቸውን ጽፈን ነጥብ አግኝተናል፤ ከየት እንደመጡ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረንም። እኔ አሁን ተማሪ ነኝ፤ ታሪክ ሳነብ አንድ ዓይነት አባባሎች ቀልቤን ሳቡት። በችግር ላይ ባለ ሰው ላይ ሌላ ክፋት ስለመጨመር የሚናገሩት ናቸው። እንግሊዝኛ እንደዚህ ያለ አባባል ሞልቶታል። የወደቀን ሰው መርገጥ ይላሉ። ቁስል ላይ ጨው ማሸት ይላሉ። በጉዳት ላይ ስድብ መጨመር ይላሉ። የኢዮብ አጽናኝ የሚሉትም ሰው አለ።

እኛስ? እኛማ አለን እንጂ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ያልሰማ ማን አለ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለውንም ከአያቶቻችን አፍ ሰምተናል። ታልሙድ ውስጥም፣ ማሴኸት ሻባት ላይ፣ ከዛፉ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አባባል አለ፤ በሬው ሲወድቅ ቢላው ይሳላል የሚል ነው። ልብ በሉ፣ አንዱ ዛፍና ምሳር፣ ሌላው በሬና ቢላዋ። ሁለቱም ሰው ሲወድቅ የሚሆነውን አይተው ነው የሚናገሩት። ዓለም እንዲህ ናት፣ ተጠንቀቅ ነው የሚሉን።

የእንግሊዝኛው ግን ትንሽ ይለያል። የወደቀን ሰው አትምታ ሲሉ ትእዛዝ ነው፣ ሕግ ነው። ደግሞ በእውነት ሕግ ሆኖ በወረቀት ላይ የተጻፈበት ቀን አለ። ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጊዜው ነሐሴ 1743፣ ቦታው ለንደን። የዚያን ጊዜ ቡጢ በባዶ እጅ ነው። ጓንት የለም፣ የተወሰነ ሰዓት የለም፣ አንዱ መነሳት እስኪያቅተው ድረስ ነው የሚደባደቡት። ሕዝቡ ከፍሎ ይገባል፤ ባላባቶቹ በሰው ሥጋ ላይ ገንዘብ ይወራረዳሉ። ጃክ ብሮውተን የሚባል ትልቅ ቡጢኛ ነበር፤ በዚያ ዓመት የራሱን የቡጢ ቤት ከፍቷል። እንደሚተረከው ከዚያ በፊት ከአንድ የሠረገላ ነጂ ጋር ገጥሞ ሰውየው በደረሰበት ጉዳት ሞቷል፤ ይህም ብሮውተንን ከልቡ ነክቶታል። ያም ሆነ ይህ፣ በ1743 ለቤቱ ሰባት ሕጎች አወጣ።

ሕጎቹ ምን ይላሉ? በመድረኩ መሃል በጠመኔ አራት ማዕዘን ይሠመር። አንዱ ሲወድቅ ረዳቱ አንስቶ ወደ መስመሩ ለማምጣት ግማሽ ደቂቃ ይኑረው። ካላመጣው ተሸነፈ። አምስተኛው ሕግ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈል ይናገራል፣ አሸናፊው ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። ስድስተኛው ክርክር ቢነሳ የሚዳኙ ሁለት ሰዎች ይመረጡ ይላል። ከዚያ በመጨረሻ፣ ሰባተኛው ላይ፣ የወደቀን ሰው መምታት ክልክል ነው፤ ከወገብ በታች መያዝም ክልክል ነው ይላል። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምራል። በጉልበቱ የተንበረከከ ሰው እንደ ወደቀ ይቆጠራል።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። ለምንድነው ስለ ጉልበት መጻፍ ያስፈለገው? ምክንያቱም የሚመታው ሰው ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው። አልወደቀም እኮ ይላል። ገና ግማሹ ቆሟል፣ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ሊነሳ ነው ይላል። ስለዚህ የወደቀን አትምታ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማን የወደቀ እንደሚባል መወሰን አለበት። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ያለው። ማን ነው የወደቀ የሚባለው? ማንስ ነው የሚወስነው?

እንግሊዞቹ ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስተካክሉት ኖረዋል። በ1838 አዲስ የቡጢ ሕግ ወጣ፤ እዚያ ላይ በእግር መርገጥ፣ መንከስ፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ዓይን ማውጣት ክልክል ተባለ። ክልክል ተባለ ማለት ደግሞ ከዚያ በፊት ይደረግ ነበር ማለት ነው። በ1867 ደግሞ ጆን ግራሃም ቼምበርስ የጻፈው፣ በክዊንስቤሪ ማርኪዝ ስም የሚታወቀው ሕግ መጣ። የዛሬው ቦክስ የሚመራው ከዚህ በወጣ ሥርዓት ነው፤ ጓንት፣ የሦስት ደቂቃ ዙር፣ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት። የወደቀ ሰው ለመነሳት አሥር ሰከንድ አለው፤ ሌላው ወደ ጥግ መመለስ አለበት። አንድ ጉልበቱ መሬት የነካ ሰው ቢመታ ውርርዱ ለእሱ ይሰጠዋል። ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የእግሩ ጣቶች ከመሬት ተነስተው፣ አቅም ያጣ ሰውም እንደ ወደቀ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬ በጣም የተቸገረን ሰው ገመዱ ላይ ነው የሚሉት ከዚሁ ከቡጢ መድረክ ወስደው ነው። ላይ ሲያዩት መሬት ላይ አልተዘረጋም፤ ግን የያዘው ገመዱ ነው እንጂ እግሩ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ይስቃሉ። ገመድ ነው የያዛቸው።

እሺ፣ ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ሕጉን ያወጣው ሰው ራሱ ምን ሆነ? ብሮውተን በ1750 ጃክ ስላክ ከሚባል ሰው ጋር ገጠመ። ሁሉም ያሸንፋል ብሎ ጠብቆ ነበር። ዋናው ደጋፊው የንጉሡ ልጅ፣ የከምበርላንድ መስፍን፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ አስይዞለታል። ስላክ ግንባሩና ዓይኑ መሃል መታው፤ ዓይኖቹ አብጠው ተዘጉ፤ ማየት አቃተው፤ ተሸነፈ። መስፍኑ ገንዘቡን ሲያጣ ተቆጣ፣ ጀርባውን ሰጠው። የቡጢ ቤቱም ተዘጋ። የወደቀን አትምታ ብሎ የጻፈ ሰው ሲወድቅ ምሳሩ በዛበት። ሰባቱ ሕጎች መድረኩ ላይ ያለውን ቡጢ ይከለክላሉ እንጂ የመስፍንን ጀርባ አይከለክሉም።

ሌላ ሰው ልጨምርላችሁ፣ ይሄኛው የኛ ሰው ነው። ዳንኤል ሜንዶዛ ይባላል። በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ከስፋራዲ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ቁመቱ ትልቅ አልነበረም፤ ክብደቱም እንዲሁ። ግን ቡጢን በጭንቅላቱ ይጫወት ነበር። እግሩን እያንቀሳቀሰ፣ እየሸሸ፣ እየከለለ፣ ከእሱ የሚገዝፉትን ይጥላል። ስለ ቡጢ ጥበብም በ1789 መጽሐፍ አሳትሟል። በ1792 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። አይሁዳዊ በመንገድ ላይ በሚሰደብበት ዘመን ስሙ በየቤቱ ተጠራ።

በ1795 ከጆን ጃክሰን ጋር ገጠመ። ጃክሰን በዕድሜ ያንሰዋል፣ በቁመትም በክብደትም ይበልጠዋል። ሜንዶዛ ፀጉሩን አሳድጎ ነበር። ጃክሰን ምን አደረገ? ፀጉሩን በአንድ እጁ ያዘ፤ በሌላው እጁ ደጋግሞ መታው። ጥቂት ዙር ሳይቆይ አለቀ፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ። ሕዝቡ ዳኞቹን ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ሕጉ ከወገብ በታች መያዝን ነው የከለከለው፣ ስለ ፀጉር ምንም አይልም። ደግሞ ሜንዶዛ አልወደቀም! እንዴት ይወድቃል? በፀጉሩ ተይዞ ቆሟል እኮ። ጃክሰን በታሪክ የሚታወቅበት ቅጽል ስም ደግሞ ምን መሰላችሁ? ጨዋው ጃክሰን ነው። ገጣሚው ባይረን ሳይቀር ከእሱ ቡጢ ተምሯል። ሜንዶዛ ብዙ ልጆች ወልዶ፣ ዕዳ ውስጥ ገብቶ፣ በ1836 በድህነት ሞተ።

አያችሁ? ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ በራሱ እግር አይደለም የቆመው። አንዳንዱን እንዳይወድቅ አድርጎ የያዘው የሚመታው እጅ ነው።

አሁን ከለንደን እንውጣና በመርከብ ወደ ጃማይካ እንሂድ። ለምን ጃማይካ? ምክንያቱም ብሮውተን ሕጉን በጻፈበት ዘመን፣ ያው የእንግሊዝ መንግሥት፣ ያው የእንግሊዝኛ ቋንቋ እዚያም ነበር፤ ሕጉ ግን ባሕሩን አልተሻገረም።

ቁስል ላይ ጨው ማሸት የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። በዕብራይስጥም ሊዝሮት ሜላኽ ዓል ሀፕጻዒም እንላለን። ምስሉ የሁሉም ሕዝብ ነው፤ ቁስልና ጨው የሌለበት አገር የለምና። ጨው ቁስል ያጸዳል ተብሎ ለመድኃኒትም ሲያገለግል ኖሯል። እኛ ስንናገረው ምሳሌ ነው፤ አንድ ሰው ፈተና ወድቆ ሌላው ሲስቅበት እንለዋለን። ጃማይካ ውስጥ ግን ምሳሌ አልነበረም።

ሃንስ ስሎን የሚባል ሐኪም ነበር፤ ስብስቦቹ በኋላ ለብሪቲሽ ሙዚየም መነሻ የሆኑት ሰው ነው። በ1680ዎቹ መጨረሻ ጃማይካ ቆይቶ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች ቆዳቸው እስኪላጥ ከተገረፉ በኋላ በቁስሉ ላይ በርበሬና ጨው እንደሚደረግባቸው ጽፏል። ቶማስ ቲስልዉድ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1750 ጃማይካ ደረሰ፤ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለቃ ሆነ። እስኪሞት፣ እስከ 1786 ድረስ፣ የየዕለቱን ማስታወሻ ጻፈ። በገዛ እጁ ያስገረፋቸውን ሰዎች፣ ከዚያም በቁስላቸው ላይ ያሳሸውን ጨው፣ የሎሚ ጭማቂና በርበሬ እንደ ተራ የሥራ መዝገብ ያሰፍራል። ለብዙ ዓመታት ያስተዳደረው እርሻ ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ግብፅ ይባል ነበር። እኛ በየፋሲካው ከግብፅ ባርነት ስለመውጣት እናነባለን፤ እዚያ ደግሞ ሰዎች ግብፅ በሚባል እርሻ ውስጥ ቁስላቸው ላይ በርበሬ ይታሻል።

ሁለቱን ዓመታት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡልኝ። 1743፣ ለንደን፣ የተንበረከከን ሰው አትምታ። ከ1750 በኋላ፣ ጃማይካ፣ ታስሮ የተገረፈን ሰው ቁስል በሎሚና በጨው። ቲስልዉድ የለንደኑን ሕግ የጣሰ ሰው አይደለም። በዚያ ዘመን ሕግ እነዚያ ሰዎች ንብረት ናቸው፤ ንብረት ደግሞ አይወድቅም፣ ይበላሻል እንጂ። የወደቀ ለመባል መጀመሪያ ሰው መባል ያስፈልጋል።

ከዚያስ? በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ ባርነት እንዲቀር ወሰነ። ለዚህም 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። ለማን? ለጌቶቹ። ንብረታችን ተወሰደብን ስላሉ። የተገረፉት ሰዎች አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ጭራሽ ብዙዎቹ ሥራ ልምምድ በሚል ስም ለዚያው ጌታ እስከ 1838 ድረስ ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተደረገ። የቡጢው ሕግ ተሻሽሎ መርገጥ ክልክል የተባለው በዚያው በ1838 ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው አባባል ያመጣናል፤ በጉዳት ላይ ስድብ መጨመር። ይሄኛው ረጅም ዕድሜ አለው። ሮም ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ፌድረስ የሚባል ተረት ጸሐፊ ነበር፤ እሱ ራሱ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው እንደነበር ይታወቃል። አንዱ ተረቱ እንዲህ ነው። ራሰ በራ ሰው ነበር፣ ዝንብ ራሱን ነከሰችው። ሊገድላት ብሎ የገዛ ራሱን በጥፊ መታ። ዝንቧ አመለጠችና ሳቀችበት። በእኔ ትንሽ ንክሻ ልትገድለኝ ፈለግክ፤ አሁን ራስህን ጎድተህ በላዩ ላይ አዋረድክ፣ ለራስህስ ምን ቅጣት ትሰጣለህ አለችው። ሰውየውም መለሰ፤ ከራሴ ጋር በቀላሉ እታረቃለሁ፣ ልጎዳ ብዬ አላደረግኩትምና። አንቺን ግን፣ ክፉ ፍጥረት፣ ከዚህ በላይ ተመትቼም ቢሆን ባጠፋሽ እወዳለሁ።

ተረቱ የሚለየው ሁለት ነገር ነው። ሳያስቡት የደረሰ ጉዳት አለ፤ አስቦ የሚያዋርድ አለ። የመጀመሪያው ያማል፣ ግን ይታረቃል። ሁለተኛው ነው ዓመታት የሚቆየው።

አባባሉ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ ሲዞር ሲዞር ቻርልስ ዲከንስ ጋ ደረሰ። ፒክዊክ ፔፐርስ በሚባለው፣ በ1836 እና በ1837 በወጣው ልብ ወለዱ ውስጥ፣ አንድ ቀልደኛ አሽከር አለ። ይህ አሽከር አባባሉን ስለ አንድ በቀቀን ያወራበታል። በቀቀኑ ከተወለደበት አገር መወሰዱ አልበቃ ብሎ እንግሊዝኛ እንዲናገር ማስገደዳቸው በጉዳት ላይ ስድብ ነው አለ ይላል። አንባቢው ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። ከዚያ ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ምክንያቱም በቀቀኑ ያለው ትክክል ነው።

ወላጆቻችን ወደዚህ አገር የመጡት ማንም ወስዷቸው አይደለም። እየሩሳሌም ብለው፣ በእግራቸው ነው የተነሱት። ያ ከበቀቀኑ በጣም ይለያል፣ እንዳታምታቱብኝ። ግን ሲደርሱ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ወይም ጸሐፊ ፊት ቆመው አዲስ የዕብራይስጥ ስም እንደተሰጣቸው ከእኛ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። እናት ትርጉም አስባ ያወጣችውን ስም፣ አንድ ሰው ለአፌ ከበደኝ ብሎ በአንድ ደቂቃ ቀየረው። አብዛኛው በክፋት አይደለም፤ ይሄ ከዝንቧ ይልቅ የሰውየው ጥፊ ነው። ቢሆንም ያማል።

ከስም የከበደው ደግሞ አለ። ሚቭጻ ሞሼ ከ1984 ኅዳር እስከ 1985 ጥር መጀመሪያ ድረስ 8,000 ያህል ሰው አመጣ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰው አልቋል፤ ሀር ሄርጸል ላይ መታሰቢያው አለ። ገና ሐዘናቸው ሳይወጣ፣ ለቅሶ በወጉ ሳይቀመጡ፣ ለመጋባት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በሚቅቬ ውሃ ጥለቁ ተባሉ፤ አዲስ ወደ ይሁዲነት እንደሚገባ ሰው። ራቭ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ ከ12 ዓመት በኋላ ነው ይሄ። ስለ እምነታቸው ሲሉ ልጅ የቀበሩ ሰዎች ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራል ሲባሉ፣ በጉዳት ላይ ስድብ ማለት ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል?

በ1985 መከር ላይ ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ እናቶች ከነልጆቻቸው፣ እየሩሳሌም በረባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀመጡ። ክርክሩ በዚያ አላበቃም፣ ግን አገሩ ሰማቸው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በቅንነት ይጠይቅ ነበር፤ ምን ጎደላቸው? በአውሮፕላን መጡ፣ ቤት አገኙ፣ ድነዋል እኮ ይል ነበር። ይሄ ያው የሜንዶዛ ነገር ነው። ቆመዋል፣ ስለዚህ አልወደቁም። ሰልፉ ትልቁ ሥራው ይህ ይመስለኛል፤ ጉልበታችን መሬት ነክቷል፣ እዩት ማለት ነው።

አሁን የመጨረሻው፣ የኢዮብ አጽናኝ። እንግሊዞች አጽናናለሁ ብሎ መጥቶ የባሰ የሚያቆስልን ሰው እንዲህ ይሉታል። ታሪኩን ታውቃላችሁ። ኢዮብ ልጆቹን፣ ሀብቱን፣ ጤናውን አጣ። ሦስት ወዳጆቹ መጡ። መጽሐፉ እንደሚለው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ በጣም ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የወደቀ ሰው አጠገብ ራስን ዝቅ አድርጎ መቀመጥ፣ የኛም የለቅሶ ወግ ይሄው አይደል? በሺቫም አዘንተኛው ሳይናገር አጽናኙ አይጀምርም። ችግሩ አፋቸውን ሲከፍቱ መጣ። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም፣ አንድ ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ነው አሉት።

አያቶቻችን ኦሪትን እንጂ ታልሙድን አልተማሩም፤ እኛ ግን እዚህ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ባቫ ሜጺዓ ላይ ኦናአት ድቫሪም የሚባል ሕግ አለ፤ ሰውን በቃል መበደል ማለት ነው። ለበሽተኛና ልጅ ለቀበረ ሰው የኢዮብ ወዳጆች እንዳሉት አትበል ይላል። ከባዕድ ሕዝብ ለመጣ ሰው ልጅም የአባቶችህን ሥራ አስታውስ አትበለው ይላል። በቃል መበደል በገንዘብ ከመበደል ይከፋል፤ ገንዘብ ይመለሳል፣ ቃል ግን አይመለስም ይላል። የቡጢው ሕግ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ይሄ ደርሷል። እጅ ብቻ አይደለም የሚመታው።

የኢዮብ ወዳጆች ኢዮብ መውደቁን አይተዋል፤ አልወደቀም አላሉም። የእነሱ ስህተት ሌላ ነው። ይገባዋል አሉ። ስለዚህ የወደቀን ሰው የሚረግጥ ሁለት መንገድ አለው። ወይ አልወደቀም ይላል፣ ወይ በጥፋቱ ነው ይላል። ሁለቱንም ዛሬ በየቀኑ እንሰማለን። ሥራ ስላጣ ሰው፣ ትምህርት ስላቋረጠ ልጅ፣ ከባሏ ስለተለየች ሴት፣ ከጦር ሠራዊት ወጥቶ ስለተዘጋበት ወንድም። አልወደቀም፣ ሰነፍ ነው። ወድቋል፣ ግን ራሱ ነው ያመጣው። ይህን የሚሉት ሌሎች ብቻ አይደሉም፤ እኛም እርስ በርሳችን እንባባላለን።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። የክዊንስቤሪ ሕግ የወደቀውን ሰው ከመመታት ይጠብቀዋል። ግን ራሱ ይነሳ ይላል፤ ማንም እንዳይረዳው። በብሮውተን ጊዜ ረዳት ነበረው፣ ግማሽ ደቂቃ ነበረው። በ1867 ረዳቱ ቀረ፣ ጊዜውም አሥር ሰከንድ ሆነ። ለጨዋታ ልክ ይሆናል። ለኑሮ ግን አይበቃም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ ትተኸው አትለፍ፣ አብረኸው አንሳ የሚል ትእዛዝ አለ። የጠላት አህያ ነው እኮ! ሰውየው ይገባዋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። አህያው በማን ጥፋት ወደቀ አይልም። ወድቋል፣ በቃ። እንግሊዝኛው አትምታውና ወደ ጥግህ ተመለስ አለ፤ ኦሪት ደግሞ ቅረብና አንሳ አለ። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ግን ሁለቱም የሚጀምሩት ጉልበቱ መሬት መንካቱን ከማየት ነው።

የዛሬው ይኸው ነው። እስኪ እናንተ ደግሞ ሻባት ላይ እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በአማርኛም በትግርኛም ስለወደቀ ሰው ምን ዓይነት አባባል ያውቃሉ? ምሳር የሚያነሳውን ብቻ ሳይሆን እጅ የሚዘረጋውንም ጠይቋቸው፤ እሱን ነው እኔ የምፈልገው። ጽፋችሁ ላኩልን፣ በሚቀጥለው ክፍል እናነበዋለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ፣ ሰላም ቆዩ፣ ለሂትራኦት።